ስውሩ መስክ፤ ኒውትሮን ኮከቦችና ጥቁር ጉድጓዶች ስለ ስበት የሚሰጡት ምስክርነት



በየቁምስናው ወጣቶችን የሚያስተምር ሰው ሁሉ ከትምህርተ ክርስቶስ ጎን ለጎን ስለ ፍጥረተ ዓለም የሚነሡ ጥያቄዎችን መስማቱ አይቀርም። «ጥቁር ጉድጓድ የሚባለው ነገር በእርግጥ አለ ወይ? የአንስታይን ትምህርት ተሽሯል ሲባል እንሰማለን፤ እውነት ነው ወይ?» የሚሉት ከእነዚህ መካከል ናቸው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብ ሁለት ዓይነት መልስ ያሳስታል። አንደኛው፣ ሁሉም ነገር ተረጋግጦ አልቋል ማለት ነው፤ ሁለተኛው፣ ሊቃውንት ዛሬ ያሉትን ነገ ስለሚለውጡት ቃላቸው አይታመንም ማለት ነው። ሁለቱም ከእውነት የራቁ ናቸው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ የተወሰነ ጉዳይ መርጠን፣ አንድ አሳብ እንዴት እንደሚፈልቅ፣ እንዴት እንደሚመረመር፣ በምን ምክንያትም እንደሚጣል ወይም እንደሚቆይ እንመለከታለን። ጉዳዩም «ከስበት ጋር አብሮ የሚሠራ ሌላ ስውር መስክ አለን?» የሚለው ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. መስክ ማለት ምንድን ነው?

እንጀራ የሚጋገርበትን ቤት እናስብ። ከምጣዱ አጠገብ ያለው አየር እጅግ ይሞቃል፤ ወደ በሩ በቀረብን መጠን ሙቀቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ቴርሞሜትር ይዘን በቤቱ ውስጥ ብንዞር በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ አንድ ቁጥር እናገኛለን። ይህ ቁጥር መጠን እንጂ አቅጣጫ የለውም፤ «ሙቀቱ 25 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ነው» የሚል ሰው የለም። በየነጥቡ መጠን ብቻ ያለው እንዲህ ያለ ነገር በፊዚክስ ቋንቋ «ስኬላር መስክ» ይባላል። ነፋስ ግን በየስፍራው ፍጥነትም አቅጣጫም ስላለው ከዚህ ይለያል።

በእርግጥ ሙቀት የአየሩ ጠባይ መግለጫ ነው እንጂ ራሱን የቻለ ነገር አይደለም። ራሱን የቻለ መሠረታዊ ስኬላር መስክ በተፈጥሮ ውስጥ አለ ወይ? ብለን ብንጠይቅ፣ እስከ ዛሬ የተረጋገጠው አንድ ብቻ ነው። እርሱም የሂግስ መስክ ሲሆን፣ ምልክቱ የሆነው ቅንጣት በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው በሰርን የምርምር ማዕከል መገኘቱ በ2012 ተገለጸ። አንድ ካለ ሌላም ሊኖር እንደሚችል መገመት አግባብ ነው። ከዚህም ሌላ፣ የዓለማት መስፋፋት እየፈጠነ መሄዱ በ1998 ከታወቀ በኋላ፣ ይህን የሚያፋጥነው በሰፊው ኅዋ የተዘረጋ ስኬላር መስክ ይሆናል የሚሉ ብዙዎች ተነሥተዋል። ጥያቄው እንግዲህ ከንቱ ፈጠራ አይደለም።

2. ከሁሉ የቀለለው መልስና ውድቀቱ

ኒውተን በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ የስበትን መጠን እንዴት ማስላት እንደሚቻል አስተማረ፤ ስበት ከአንዱ አካል ወደ ሌላው በምን እንደሚደርስ ግን አልገለጸም። ፊንላንዳዊው ጉናር ኖርድስትሮም በ1912 እና በ1913 ከሁሉ የቀለለውን መልስ አቀረበ፤ ስበት ራሱ አንድ ስኬላር መስክ ነው አለ። ንድፈ ሐሳቡ በሒሳብ ረገድ እርስ በርሱ የማይጣረስ ያማረ ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ በእርሱ መሠረት ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ ከመንገዱ አይታጠፍም።

አንስታይን በኖቬምበር 1915 የፈጸመው አጠቃላይ የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። በእርሱ ዘንድ ስበት ማለት የኅዋና የጊዜ መጉበጥ ነው፤ ይህንንም ለመግለጽ በየነጥቡ አንድ ቁጥር አይበቃም፤ 10 ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። ውጤቱም በፀሐይ ጠርዝ የሚያልፍ የኮከብ ብርሃን በ1.75 የቅስት ሴኮንድ ይታጠፋል የሚል ነበር። ሜይ 29 ቀን 1919 በሆነው የፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ፣ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች በፕሪንሲፔ ደሴትና በብራዚል ሶብራል ከተማ ሆነው ከዋክብቱን ፎቶግራፍ አነሡ። ብርሃኑ ታጥፎ ተገኘ፤ የኖርድስትሮም አሳብም በዚህ ወደቀ። ከዚህ የምንማረው፣ የአንድ አሳብ ውበትና ቅለት ብቻውን ለእውነትነቱ ዋስትና እንደማይሆን ነው።

3. አሳቡ በሌላ መልክ ሲመለስ

ስኬላር መስክ ብቻውን ስበት ሊሆን አለመቻሉ ከታወቀ በኋላ፣ «ከአንስታይን መጉበጥ ጋር ረዳት ሆኖ ቢሠራስ?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ጀርመናዊው ፓስኩዋል ዮርዳን የጀመረውን ይህን አሳብ፣ በ1961 አሜሪካውያኑ ካርል ብራንስና ሮበርት ዲኪ የተሟላ መልክ ሰጡት። በእነርሱ ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ ኒውተንም ሆነ አንስታይን በሁሉ ስፍራና ዘመን አንድ ነው ያሉት የስበት ብርታት፣ እንደ ስኬላሩ መስክ መጠን ከቦታ ቦታና ከጊዜ ወደ ጊዜ ሊለያይ ይችላል።

ይህ አሳብ በእኛ ሰማይ ተፈትኗል። ወደ ሳተርን የተላከችው ካሲኒ የተባለች መንኮራኩር በ2002 ከፀሐይ በስተጀርባ በኩል በነበረችበት ጊዜ፣ በእርሷና በምድር መካከል የሚመላለሰው የሬዲዮ ሞገድ በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ ምን ለውጥ እንደሚደርስበት ተለካ። በ2003 የታተመው ውጤት ከአንስታይን ስሌት ጋር ተስማማ፤ ልዩነት ቢኖር እንኳ ከመቶ ሺህ ጥቂት እጅ አይበልጥም። ስለዚህ በፀሐይ ዙሪያ ስውር መስክ ቢኖር እጅግ የደከመ መሆን አለበት።

ታዲያ ጉዳዩ በዚህ አልተዘጋምን? አልተዘጋም፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች እናያለን።

4. የብርታት መለኪያ

ስበት በአንድ አካል ላይ ምን ያህል እንደበረታ ለማወቅ ሊቃውንት አንድ ቁጥር ያሰላሉ፤ ይህም የአካሉን መጠነ ቁስ ከስፋቱ ጋር የሚያነጻጽር ነው። ለምድራችን ቁጥሩ ከአንድ ቢሊዮንኛ በታች ነው። ለፀሐይ ሁለት ሚሊዮንኛ ያህል ነው። ለኒውትሮን ኮከብ ግን አንድ አምስተኛ ገደማ ይደርሳል፤ በማይሽከረከር ጥቁር ጉድጓድ ድንበር ላይ ደግሞ ልክ ግማሽ ይሆናል። በፀሐይና በኒውትሮን ኮከብ መካከል ያለው ልዩነት መቶ ሺህ እጥፍ ያህል ነው ማለት ነው። በጭላጭ ውኃ የተፈተነ ጀልባ በማዕበል እንዴት እንደሚሆን አይታወቅም፤ የስበትም ሕግ እንዲሁ ነው።

ኒውትሮን ኮከብ የሚባለው፣ ታላቅ ኮከብ ነዶ ካለቀ በኋላ ውስጡ ወደ ራሱ ሲወድቅ የሚቀረው ቅሪት ነው። መኖሩን በ1934 ዋልተር ባዴና ፍሪትስ ዝዊኪ አስቀድመው ገመቱ፤ በ1967 ደግሞ በካምብሪጅ ተማሪ የነበረችው ጆስሊን ቤል እንደ ልብ ምት በእኩል ጊዜ የሚደጋገም የሬዲዮ ምልክት በማግኘቷ ግምቱ እውን ሆነ። ከፀሐይ የሚበልጥ መጠነ ቁስ፣ ከዳር እስከ ዳር 20 ኪሎ ሜትር በሚያህል ኳስ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይገኛል። ምልክት የሚሰጡትም «ፐልሳር» ይባላሉ።

5. በኒውትሮን ኮከብ ውስጥ የሚነሣ መስክ

በ1993 ፈረንሳውያኑ ቲቦ ዳሙርና ዢል ኤስፖዚቶ ፋሬዝ አንድ ያልተጠበቀ ነገር አሳዩ። በደካማ ስበት ውስጥ ፈጽሞ የማይታይ ስኬላር መስክ፣ ኮከቡ ከተወሰነ ልክ በላይ ሲጠቀጠቅ በድንገት ራሱ ሊነሣና ሊበረታ ይችላል።

ለዚህ ነገር ማግኔት መልካም ምሳሌ ይሆነናል። ብረት ከ770 ዲግሪ በላይ ሲግል ማግኔትነቱን ያጣል፤ ከዚህ በታች ሲቀዘቅዝ ግን በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ማግኔቶች ማንም ሳያዛቸው በአንድነት ይሰለፋሉ። ከልኩ በላይ «ምንም» የነበረው ሁኔታ፣ ከልኩ በታች ጸንቶ ሊቆም አይችልም። በኒውትሮን ኮከብም ውስጥ እንዲሁ ነው፤ መስኩ ዜሮ ሆኖ መቆየት ይሳነዋል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ንድፈ ሐሳብ የካሲኒን ፈተና ያለ እንከን አልፎ፣ በኒውትሮን ኮከብ ዘንድ ግን ከአንስታይን ትምህርት በጉልህ ሊለይ ይችላል። ከላይ «አልተዘጋም» ያልነው ስለዚህ ነው።

6. የሰማይ ሰዓቶች

ይህ እውነት መሆን አለመሆኑ በምን ይታወቃል? ፐልሳር እጅግ ትክክለኛ ሰዓት ነው። በ1974 ረስል ሃልስና ጆሴፍ ቴይለር በፖርቶ ሪኮ በነበረው የአሬሲቦ ቴሌስኮፕ አማካይነት፣ ከሌላ ኒውትሮን ኮከብ ጋር በ7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አንድ ጊዜ የሚዞር ፐልሳር አገኙ። ዙሩ በየዓመቱ በ76 ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ያህል ያጥራል፤ ይህም የሆነው ጥንዱ በስበት ሞገድ ጉልበት ስለሚያጣ ነው። ልኩ ከአንስታይን ስሌት ጋር በመስማማቱ ሁለቱ ሊቃውንት በ1993 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ስኬላር መስክ ቢኖር ግን ሌላ የጉልበት መፍሰሻ ይከፈታል። ሁለቱ አካላት ከመጠነ ቁሳቸው ጋር ሲነጻጸር የተሸከሙት መስክ እኩል ከሆነ፣ የአንዱ ሞገድ የሌላውን ዋና ክፍል ያጠፋዋል። እኩል ካልሆነ ግን ጉልበቱ በፍጥነት ይፈሳል፤ ዙሩም ከተጠበቀው ይልቅ ቶሎ ያጥራል። ስለዚህ ለፈተናው ከሁሉ የሚሻለው ሁለቱ ተመሳሳይ ያልሆኑበት ጥንድ ነው፤ ለምሳሌ አንዱ ኒውትሮን ኮከብ፣ ሌላው ስበቱ የደከመ ነጭ ድንክ ኮከብ የሆነበት። መለያ ቁጥሩ 1738+0333 የሆነው ፐልሳር እንዲህ ያለ ነው፤ ከነጭ ድንክ ጓደኛው ጋር በ8 ሰዓት ተኩል አንድ ጊዜ ይዞራል። በ2012 በታተመው ጥናት መሠረት፣ ዙሩ በዓመት የሚያጥረው ከአንድ ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ባነሰ ልክ ነው፤ ይህም አንስታይን ከሚለው ጋር ይስማማል። ተጨማሪ መፍሰሻ አልተገኘም።

ከዚህ ወዲህ ሌሎች ጥንዶች ተጨምረው ሲመረመሩ፣ የ1993ቱ አሳብ በመጀመሪያ መልኩ ሊቆም የሚችልበት መስኮት እየጠበበ ሄዶ ሊዘጋ ተቃርቧል። ሆኖም መስኩ ራሱ ክብደት ያለው ከሆነ ኃይሉ ሩቅ ስለማይደርስ፣ በተራራቁ ጥንዶች ዘንድ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ይህ መንገድ ገና ክፍት ነው።

7. ስበት ራሱ ይወድቃልን?

ጋሊልዮ እንዳስተማረው፣ አየር ካልከለከለ ከባዱም ቀላሉም እኩል ይወድቃል። አንስታይን ይህን አጽንቶ፣ አካላትን አጣብቆ የያዘው የስበት ጉልበት ራሱ ሳይቀር እንደ ማንኛውም ነገር ይወድቃል አለ። ስኬላር መስክ ያለበት ንድፈ ሐሳብ ግን በአብዛኛው ይህን እኩልነት ያፈርሳል። በምድር ላይ ይህን መፈተን አስቸጋሪ ነው፤ የምድር የስበት ጉልበት ከመጠነ ቁሷ የአንድ ቢሊዮንኛ ግማሽ ያህል ብቻ ነውና። በኒውትሮን ኮከብ ግን አንድ አሥረኛ ያህል ይደርሳል።

በ2014 መገኘቱ የተገለጸው 0337+1715 የተባለው ሥርዓት ለዚህ ጥያቄ የተመቸ ሆኖ ተገኘ። አንድ ፐልሳርና አንድ ነጭ ድንክ በ1.6 ቀን እርስ በርሳቸው ይዞራሉ፤ ሁለቱ በአንድነት ደግሞ በ327 ቀን ከሌላ ነጭ ድንክ ጋር ይዞራሉ። ፐልሳሩና የቅርብ ጓደኛው ወደ ሩቁ ኮከብ እኩል ይወድቃሉ ወይስ አይወድቁም? በ2018 የታተመው መልስ፣ ልዩነት ቢኖር እንኳ ከሚሊዮን ሦስት እጅ አይሞላም የሚል ነው። አንድ አሥረኛ ያህሉ የስበት ጉልበት የሆነ አካል፣ እንደ ማንኛውም አካል እኩል ወደቀ።

8. ጥቁር ጉድጓድና «ፀጉሩ»

ስለ ጥቁር ጉድጓድ የሚናገረውን የመጀመሪያ ስሌት ያገኘው ካርል ሽቫርትስሺልድ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግንባር ተሰልፎ ሳለ የሠራው ይህ ስሌት በ1916 ታተመ። ይሁንና በስሌቱ ውስጥ፣ ዛሬ የማይመለሱበት ድንበር በምንለው ስፍራ ላይ ቁጥሮቹ ልክ የሌላቸው እየሆኑ ያስቸግሩ ነበር። ይህ መሰናክል የመለኪያው ጉድለት እንጂ የተፈጥሮ አለመሆኑን በ1933 ግልጽ አድርገው ካሳዩት አንዱ፣ በሉቫን ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ቤልጅጋዊው ካህን አባ ዦርዥ ለሜትር ናቸው። እኒህ ካህን ስለ ዓለማት መስፋፋት በ1927 ባቀረቡት ሥራ ይበልጥ ይታወቃሉ።

በ1972 ስቲቨን ሆኪንግ በብራንስና በዲኪ ንድፈ ሐሳብ ውስጥ ጥቁር ጉድጓድ ምን እንደሚመስል መረመረ። ያገኘው መልስ፣ ተረጋግቶ የቆመ ጥቁር ጉድጓድ በዙሪያው አንዳች ስኬላር መስክ እንደማይዝና ከአንስታይኑ ጥቁር ጉድጓድ እንደማይለይ ነው። ሊቃውንቱ ይህን ዓይነቱን ውጤት በቀልድ መልክ «ጥቁር ጉድጓድ ፀጉር የለውም» ይሉታል፤ ከመጠነ ቁሱ፣ ከሽክርክሩና ከኤሌክትሪክ ሙሉ ቁጥሩ በቀር የሚለይበት ምልክት የለውም ማለታቸው ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ አስደናቂ መገለባበጥ አለ። ስኬላሩ መስክ ከቁስ ሳይሆን ከኅዋና ከጊዜ መጉበጥ በቀጥታ የሚመነጭባቸው ንድፈ ሐሳቦች አሉ። ከእነዚህ በአንዳንዶቹ ዘንድ፣ ጥቁር ጉድጓድ መስክ ሲይዝ ኒውትሮን ኮከብ ግን ወደ ሩቅ የሚደርስ መስክ አይኖረውም። በ2018 ደግሞ ከተለያዩ አገሮች የተውጣጡ ተመራማሪዎች፣ በኒውትሮን ኮከብ ዘንድ የታሰበው ድንገተኛ የመስክ መነሣት በጥቁር ጉድጓድም ሊሆን እንደሚችል በስሌት አሳዩ። ጉብጠቱ የሚበረታው በትናንሾቹ ዘንድ ስለሆነ፣ ምልክቱ መፈለግ ያለበት ከግዙፎቹ ይልቅ በእነርሱ ነው። ስለዚህ ፐልሳሮች የማይመልሱትን ጥያቄ ሌላ ምስክር ሊመልሰው ይገባል ማለት ነው።

ያ ምስክር የስበት ሞገድ ነው። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 በአሜሪካ የሚገኙት የላይጎ መሣሪያዎች የሁለት ጥቁር ጉድጓዶችን ውሕደት ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገቡ። ኦገስት 17 ቀን 2017 ደግሞ 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቀው ከተዋሐዱ ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ሞገዱ መጣ፤ ከ1.7 ሴኮንድ በኋላም የጋማ ጨረሩ ተከተለ። ሞገዱና ብርሃኑ ይህን ሁሉ ዘመን ተጉዘው እንዲህ ተቀራርበው መድረሳቸው፣ የስበት ሞገድ ከብርሃን በተለየ ፍጥነት ይሄዳል የሚሉትን ብዙ የስኬላር ንድፈ ሐሳቦች በአንድ ቀን ጣለ። ሜይ 29 ቀን 2023 የተመዘገበው ውሕደት ደግሞ በአንድ ኒውትሮን ኮከብና ከፀሐይ ከ2.5 እስከ 4.5 እጥፍ በሚመዝን ጥቅጥቅ አካል መካከል የሆነ ነው። ይህ አካል ትንሽ ጥቁር ጉድጓድ መሆኑ የሚገመት ስለሆነ፣ ከጉብጠት በሚመነጨው መስክ ላይ ጠንካራ ወሰን ለማበጀት ረዳ። እስከ ዛሬ በእነዚህ ሞገዶች ውስጥ የስኬላር መስክ አሻራ አልተገኘም።

9. ለአስተማሪው የሚጠቅም መለያ

ከላይ ያየናቸውን ነገሮች በሦስት ወገን መክፈል ይቻላል።

ሀ) የታየ ነገር፤ የፐልሳሩ ዙር ማጠር፣ የብርሃን መታጠፍ፣ የስበት ሞገድ መድረስ።

ለ) የተበጀ ወሰን፤ «መስኩ ቢኖር ከዚህ ልክ አይበልጥም» የሚል ቃል። ይህ «የለም» ከማለት ይለያል፤ እውቀት ከመሆን ግን አያንስም። ገበሬ የጠፋችበትን ላም በሦስት ኮረብታ ፈልጎ ቢያጣት፣ በአራተኛው አለች ብሎ መማል አይችልም፤ ሆኖም በሦስቱ አለመኖሯን ያውቃል።

ሐ) ግምት፤ ክብደት ያለው መስክ፣ በትናንሽ ጥቁር ጉድጓዶች ዙሪያ የሚነሣ መስክ፣ የዓለማትን መስፋፋት የሚያፋጥን መስክ። እነዚህ በስሌት የሚቻሉ ናቸው፤ መኖራቸው ግን አልታየም።

ሦስቱን መቀላቀል ለሳይንስም ሆነ ለእምነት ትምህርት ጉዳት አለው። በኖቬምበር 1951 ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ ባደረጉት ንግግር የዓለማትን ጅማሬ የሚመለከተውን የሳይንስ ውጤት ከፍጥረት ትምህርት ጋር በቅርብ ባያያዙ ጊዜ፣ የዚያ አሳብ አባት የሆኑት አባ ለሜትር ራሳቸው አልተደሰቱም። በፍተሻ ላይ ያለ ንድፈ ሐሳብ የእምነት ምሰሶ መደረግ እንደሌለበት ያምኑ ነበርና። በ1952 ቅዱስ አባታችን ለከዋክብት ተመራማሪዎች ሲናገሩ ያንን ማያያዝ አልደገሙትም። በ2017 የቫቲካን የከዋክብት ምርምር ማዕከል በካስቴል ጋንዶልፎ ስለ ጥቁር ጉድጓዶችና ስለ ስበት ሞገዶች ጉባኤ በጠራ ጊዜ፣ ጉባኤው በለሜትር መታሰቢያነት የተደረገ ነበር።

እንግዲህ ወጣቱ «አንስታይን ተሽሯልን?» ብሎ ሲጠይቀን መልሳችን ይህ ይሁን፤ እስከ ዛሬ በተፈተነበት ሁሉ ጸንቷል፤ ፈተናው ግን አላበቃም፤ ከሁሉ የበረታው ፈተናም ስበት ከሁሉ በሚበረታበት በኒውትሮን ኮከቦችና በጥቁር ጉድጓዶች ዘንድ እየተካሄደ ነው። የማናውቀውን እንደምናውቅ ሳንናገር፣ የታወቀውንም ሳናቃልል ብናስተምር፣ ተማሪዎቻችን በሌላውም ትምህርታችን ቃላችንን ያምናሉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሙቀትና ነፋስ እንደ መስክ ሲታዩ በምን ይለያያሉ?

2. የካሲኒ ፈተና ስለ ፀሐይ የነገረን ነገር ለኒውትሮን ኮከብ የማይበቃው ለምንድን ነው?

3. በብራንስና ዲኪ ንድፈ ሐሳብ ጥቁር ጉድጓድ መስክ አይዝም፤ በሌሎች ግን ይይዛል። ልዩነቱ ከመስኩ ምንጭ ጋር እንዴት ይያያዛል?

4. «አልተገኘም» እና «የለም» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት፣ ከዕለት ኑሮአችሁ ምሳሌ በመስጠት አስረዱ።